የዋቢ ዝርዝራችሁ መጨረሻ ላይ እንዳይበላሽ፦ ዞቴሮን ከመጫን እስከ ማስረከብ

ዋቢ የሚሰበስብና የሚደረድር ፕሮግራም የሆነውን ዞቴሮን ጭነው ለወራት ተጠቅመውበት፣ ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ዋቢዎቻቸውን በእጅ መጻፍ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። "ዝርዝሩን አተራመሰብኝ" ይላሉ። ፋይላቸው ሲከፈት ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው። መረጃው ሲገባ ያየው ሰው የለም። ዞቴሮ ያስገባችሁለትን ነው የሚያወጣላችሁ። የደራሲው ስም ተገልብጦ ከገባ ተገልብጦ ይወጣል። የመጽሔቱ ስም ባዶ ከተተወ ዝርዝሩም ላይ ባዶ ነው።

ስለዚህ እዚህ ብዙ የምንቆየው ደረጃ 4 ላይ ነው። ደረጃ 1 እና 2 ቶሎ ያልቃሉ።

ቅደም ተከተሉን በዞቴሮ ነው የማሳያችሁ። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ሜንዴሌይ ወይም ኤንድኖት የምትጠቀሙ ከሆነ የቁልፎቹ ስም ይለያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ስታይሉን፣ ማለትም ዋቢዎች የሚጻፉበትን ደንብ፣ በትክክል እወቁ። "ኤፒኤ ነው" ማለት አይበቃም። 6ኛው እትም ነው ወይስ 7ኛው? ቺካጎ ከሆነ በግርጌ ማስታወሻ ነው ወይስ በደራሲና በዓመት? አማካሪያችሁን ወይም የምትልኩለትን መጽሔት ዛሬውኑ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት።

ፒዲኤፎቻችሁን አንድ ቦታ ሰብስቡ። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ ቴሌግራም ላይ የተላከላችሁን፣ ኢሜይል ውስጥ የተረሳውን፣ ፍላሽ ላይ የቀረውን ሁሉ። ስማቸውን በመቀየር አትድከሙ። ዞቴሮ መረጃቸውን ካገኘ ፋይሎቹን ራሱ ይሰይማቸዋል።

የጀመራችሁት ጽሑፍ ካለ ኮፒውን አስቀምጡ። በእጅ የተጻፉ ዋቢዎች ያሉበት ረቂቅ ላይ መሥራት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ያልተነካ ቅጂ ይኑራችሁ።

## ደረጃ 1፦ መጫን

1. ወርድን ዝጉ። ተከፍቶ እያለ ከጫናችሁ ዞቴሮን ከወርድ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ላይገባ ይችላል።
2. ዞቴሮን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ።
3. እዚያው ገጽ ላይ ለብራውዘራችሁ የሚሆነውን፣ ዋቢን ከድረ ገጽ ወደ ዞቴሮ የሚያስገባውን ዞቴሮ ኮኔክተር ጨምሩ። ፕሮግራሙ እና ኮኔክተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።
4. ወርድን ክፈቱ። ከላይ "ዞቴሮ" የሚል ታብ መታየት አለበት።
5. ነጻ አካውንት ክፈቱና ሴቲንግስ ውስጥ ሲንክ (ዋቢዎቻችሁን ከኦንላይን አካውንታችሁ ጋር የሚያመሳስለው) የሚለው ላይ ግቡበት።

ታቡ ካልታየ፦ ዞቴሮ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሳይት (Cite) የሚለውን ክፈቱ። የወርድ ማያያዣውን እንደገና ጫን የሚል ቁልፍ አለ። ወርድን ዘግታችሁ እሱን ክሊክ አድርጉ።

ኮኔክተሩ ዞቴሮን አላገኘሁትም ካለ፦ ፕሮግራሙ ራሱ አልተከፈተም ማለት ነው። ዋቢ ስትሰበስቡ ዞቴሮ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ስለ ቦታ አንድ ነገር እወቁ። የዋቢዎቹን መረጃ ሲንክ ማድረግ ገደብ የለውም። ለፒዲኤፎቹ ግን በነጻ የሚሰጠው 300 ሜጋባይት ነው፤ ብዙ ስካን የተደረገ መጽሐፍ ካላችሁ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ አትደንግጡ። ፋይሎቹ ኮምፒውተራችሁ ላይ አሉ፤ የቆመው ወደ ኦንላይን መጫኑ ብቻ ነው። የፋይሉን ሲንክ አጥፍታችሁ የመረጃውን ብቻ መተው ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ። የዞቴሮን ዳታ ፎልደር ድሮፕቦክስ፣ ዋንድራይቭ ወይም ጎግል ድራይቭ ውስጥ አታስገቡት። "ከሁለት ኮምፒውተር እጠቀምበታለሁ" ብሎ ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ዞቴሮ ዶት ኤስኪውላይት የሚባል አንድ ፋይል አለ፤ ሁሉም ዋቢዎቻችሁ ያሉት እሱ ውስጥ ነው። ዞቴሮ እየጻፈበት እያለ ክላውዱ ሲያንቀሳቅሰው ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ለሁለት ኮምፒውተር የተሠራው የዞቴሮ የራሱ ሲንክ ነው፤ እሱን ተጠቀሙ።

## ደረጃ 2፦ ኮሌክሽን መክፈት

ኮሌክሽን የኮምፒውተር ፎልደር ይመስላል፤ ግን አይደለም። እንደ ሙዚቃ ፕሌይሊስት አስቡት። አንድ ዘፈን ሦስት ፕሌይሊስት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ዘፈኑ ግን አንድ ነው። አንድ ዋቢም ምዕራፍ 2 ውስጥም ምዕራፍ 4 ውስጥም መግባት ይችላል። ኮፒ አታድርጉት፤ ጎትታችሁ ሁለተኛው ኮሌክሽን ላይ ጣሉት።

ሰው የሚሳሳተው ሲያጠፋ ነው። ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ሁለት ትእዛዝ ታያላችሁ። አንዱ ከዚህ ኮሌክሽን አውጣ የሚል ነው፤ ዋቢው ላይብረሪ (ሁሉም ዋቢዎቻችሁ ያሉበት) ውስጥ ይቀራል። ሌላው ወደ ትራሽ ውሰድ የሚል ነው፤ እሱ ከሁሉም ቦታ ያጠፋዋል። ተሳስታችሁ ከጣላችሁት ትራሽ ውስጥ ገብታችሁ መልሱት። ግን አትዘግዩ፤ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት በቀር 30 ቀን ያለፈው ነገር በራሱ ይጸዳል።

አንድ ዋቢ የት የት እንዳለ ከጠፋባችሁ ዋቢውን መርጣችሁ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ማክ ላይ ኦፕሽን ተጭናችሁ ቆዩ። ያለባቸው ኮሌክሽኖች ቀለማቸው ይቀየራል።

ኮሌክሽን አታብዙ። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ይበቃል። "ያነበብኩት"፣ "ገና ያላነበብኩት"፣ "ዘዴው ጥሩ የሆነ" ለመሳሰሉት ታግ ተጠቀሙ። እስከ 9 ታግ ድረስ ቀለም መስጠት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ዋቢውን መርጦ ከ1 እስከ 9 ያለውን ቁጥር መጫን ብቻ ነው።

## ደረጃ 3፦ ዋቢ ማስገባት

አራት መንገድ አለ። በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፤ አንዱ ካልሠራ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

3.1 ከብራውዘር። የፍለጋ ውጤቱ ገጽ ላይ አትቁሙ። የጽሑፉን የራሱን ገጽ ክፈቱ። ከዚያ የኮኔክተሩን ምልክት ተመልከቱ። ቅርጹ የወረቀት ወይም የመጽሐፍ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ክሊክ አድርጉ። የፎልደር ቅርጽ ከሆነ ገጹ ላይ ብዙ ዋቢዎች አሉ፤ ዝርዝር ያመጣላችኋል፣ የምትፈልጉትን ምረጡ። ኮኔክተሩ ገጹን ድረ ገጽ ብቻ አድርጎ ካየው ግን አታስቀምጡ። የጽሑፉ ርእስ እንጂ መጽሔቱ፣ ቅጹ፣ ገጹ አይመጣም። ወደ 3.2 እለፉ።

3.2 በመለያ ቁጥር። ዞቴሮ ውስጥ የአስማት ዱላ የሚመስል ምልክት አለ። ክሊክ አድርጋችሁ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ)፣ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ)፣ የፐብሜድ ቁጥር ወይም የአርካይቭ (arXiv) ቁጥር ለጥፉ። ዲኦአይ ሁልጊዜ በ10 ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከላይ ወይም ከታች ይገኛል። እኔ ምርጫ ካለኝ በዚህ ነው የማስገባው፤ የሚመጣው መረጃ ከሌላው የጸዳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

3.3 ፒዲኤፉን በመጎተት። ፋይሉን ዞቴሮ ላይ ጣሉት። ውስጡን አንብቦ መረጃውን ይፈልጋል። ካገኘ ከፋይሉ በላይ ሙሉ ዋቢ ይፈጥራል። ካላገኘ ፒዲኤፉ ብቻውን ይቀመጣል። በስካን የተሠራና ጽሑፉ የማይመረጥ ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ብቻውን የቀረን ፒዲኤፍ እንደ ዋቢ መጥቀስ አትችሉም። በ3.2 ወይም በ3.4 ዋቢውን ፍጠሩና ፒዲኤፉን ጎትታችሁ ላዩ ላይ ጣሉት።

ሁለት መቶ ፒዲኤፍ በአንዴ አትጣሉ። በአሥር በአሥር አድርጉት። ይህን የምለው ከደረጃ 4 የተነሳ ነው።

3.4 በእጅ። የመደመር ምልክቱን ክሊክ አድርጉና መጀመሪያ ዓይነቱን ምረጡ፦ መጽሐፍ፣ ሪፖርት፣ ቴሲስ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ። ዓይነቱን ስትቀይሩ የሚሞሉት ሳጥኖችም ይቀየራሉ፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚመረጠው። የተለያዩ ሰዎች ምዕራፍ ያዋጡበት መጽሐፍ ከሆነ "ቡክ ሴክሽን" የሚለውን ምረጡ። የምዕራፉ ጸሐፊ ኦተር፣ መጽሐፉን ያሰናዳው ሰው ኤዲተር ተብሎ ይገባል። ሁለቱንም ኦተር አድርጎ ማስገባት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

## ደረጃ 4፦ ወዲያው መፈተሽ

ዋቢው ከገባ በኋላ ሌላ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት በስተቀኝ ያለውን መረጃ ከፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር አስተያዩ። ዋናው ጽሑፍ ፊታችሁ ክፍት እያለ ሥራው አጭር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን ፋይሉን መፈለግ፣ መክፈት፣ ማስታወስ ይጨመርበታል። እኔ የመጀመሪያውን ረጅም ጽሑፌን ስሠራ ፍተሻውን ለመጨረሻ ትቼው ነበር። ማስረከቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ከእያንዳንዱ ሁለት ዋቢ አንዱ የሆነ ነገር ጎድሎት አገኘሁት። ያን ሦስት ቀን ለመደምደሚያው ምዕራፍ ነበር የፈለግሁት።

በዚህ ቅደም ተከተል ተመልከቱ፦

1. ዓይነቱ። የመጽሔት ጽሑፍ "ድረ ገጽ" ተብሎ ገብቶ ይሆናል። ይህ ከተሳሳተ የቀረው ሁሉ ይሳሳታል። እዚያው ቀይሩት።

2. የደራሲው ስም። ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ዞቴሮ ስምን በሁለት ሳጥን ይይዛል፤ አንዱ የቤተሰብ ስም፣ ሌላው የራስ ስም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። የዓለም ጤና ድርጅትን ሪፖርት አስገባችሁ እንበል። መረጃው ሲመጣ የመጨረሻው ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ተቆርጦ ሊገባ ይችላል። አንዱ ሳጥን ውስጥ "ድርጅት"፣ ሌላው ውስጥ "የዓለም ጤና" ይላል። ዞቴሮ መስኮት ላይ ስታዩት ምንም ስህተት አይታያችሁም። ጽሑፋችሁ ውስጥ ግን "(ድርጅት፣ 2021)" ሆኖ ይወጣል። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ "ድርጅት፣ የ. ጤ." ተብሎ በ"ድ" ተራ ይሰለፋል። ማስተካከያው ቀላል ነው። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ክሊክ አድርጉ፤ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። ሙሉ ስሙን እዚያ ጻፉ። ለመሥሪያ ቤት፣ ለድርጅትና ለኮሚቴ ሁሉ እንዲህ አድርጉ።

ሁለተኛው ስማቸው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ያልሆነ ደራሲያንም እዚህ ይበላሻሉ። ደራሲው በራሱ ስም መጠራት ያለበት ከሆነ ይኸው አንድ ሳጥን ይሠራል፤ ስምና የአባት ስሙ ሳይገለበጥ ይወጣል። የምትጽፉለት ተቋም የተለየ ደንብ ካለው ደንቡን ተከተሉ። ዋናው ነገር ለአንድ ደራሲ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጉ። አንዴ በሁለት ሳጥን፣ አንዴ በአንድ ካስገባችሁት ዞቴሮ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

3. ርእሱ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ርእስ ሙሉ በሙሉ በትላልቅ ፊደላት ከመጣ ርእሱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉ፤ ትራንስፎርም ቴክስት፣ ከዚያ ሴንተንስ ኬዝ (የመጀመሪያው ቃል መነሻ ብቻ ትልቅ የሚሆንበትን) ምረጡ። ትንሽ የሆኑ የሰውና የቦታ ስሞችን በእጅ መልሱ። ርእሶችን ሁሉ በሴንተንስ ኬዝ አስቀምጡ። ስታይሉ የየቃሉን መነሻ ትልቅ ማድረግ ከፈለገ ዞቴሮ ራሱ ያደርገዋል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን አይችልም። ርእሱ ፈረንሳይኛ ወይም ሌላ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለ ቋንቋ ከሆነ ላንጉጅ የሚለውን ሳጥን ሙሉ፤ የእንግሊዝኛው ደንብ እንዳይሠራበት።

4. ዓመት፣ መጽሔት፣ ቅጽ፣ ቁጥር፣ ገጽ። ባዶ ሳጥን ካለ አሁን ሙሉት። ዓመቱ ኦንላይን የወጣበት ነው ወይስ የታተመበት? ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

ከዋቢው ላይ ጽሑፉ መሰረዙን የሚገልጽ ቀይ ማስጠንቀቂያ ካያችሁ አትለፉት። አሳታሚው ጽሑፉን አንስቶታል ማለት ነው። ምክንያቱን አንብቡና ለመጥቀስ ወይም ለመተው ወስኑ።

## ደረጃ 5፦ ድግግሞሽን ማዋሃድ

በግራ በኩል ዱፕሊኬት አይተምስ የሚል አለ። ክፈቱት። ተመሳሳዮቹን ያሳያችኋል፤ መረጃው የተሟላውን መርጣችሁ መርጅ በሉ።

አንዱን በዴሊት አታጥፉት። ያጠፋችሁት ጽሑፋችሁ ውስጥ የተጠቀሰው ከሆነ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ላይብረሪው ላይ ያደረጋችሁት እርማት ጽሑፉ ውስጥ አይደርስም። መርጅ ግን ግንኙነቱን ይጠብቃል።

አልዋሃድ ካለ ዓይነታቸውን ተመልከቱ። አንዱ መጽሐፍ፣ ሌላው ሪፖርት ሆኖ ገብቶ ይሆናል። አንድ አድርጓቸውና እንደገና ሞክሩ።

## ደረጃ 6፦ ጽሑፉ ውስጥ መጥቀስ

1. ወርድ ላይ ከርሰሩን ጥቅሱ የሚገባበት ቦታ አድርጉ።
2. ዞቴሮ ታብ ላይ አድ/ኤዲት ሳይቴሽን በሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ስታይል ይጠይቃችኋል፤ አስቀድማችሁ የጻፋችሁትን ምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሴቲንግስ ውስጥ ተጨማሪ ስታይል የሚፈለግበት አለ፤ ክምችቱ ከ10,000 በላይ ነው።
3. በሚመጣው መስመር ላይ የደራሲውን ስም ወይም ከርእሱ አንድ ቃል ጻፉ፤ ምረጡ።
4. ገጽ ለመጨመር የመረጣችሁት ዋቢ ላይ ክሊክ አድርጉና ቁጥሩን አስገቡ።
5. ሁለተኛ ምንጭ ካለ እዚያው መስመር ላይ ጨምሩት። ሁለት ቅንፍ ጎን ለጎን አትፍጠሩ።
6. ኢንተር።

የደራሲውን ስም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከጠራችሁት ቅንፉ ውስጥ መደገም የለበትም። ዋቢው ላይ ክሊክ አድርጋችሁ ኦሚት ኦተር የሚለውን ምረጡ። ስሙን በእጅ አታጥፉት።

በአጠቃላይ ዞቴሮ የጻፈውን ነገር በእጅ አትንኩ። ስትነኩት "ይህን ጥቅስ ቀይረኸዋል፤ ለውጡን ላቆየው?" ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካላችሁ ያ ጥቅስ ከዚያ በኋላ በራሱ አይታደስም። ስህተት ካያችሁ ዞቴሮ ላይብረሪ ውስጥ አስተካክሉ፤ ወደ ወርድ ተመለሱና ሪፍሬሽ በሉ። በአንድ እርማት ሁሉም ቦታ ይስተካከላል።

ዝርዝሩን ለማስገባት ከርሰሩን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ አድርጋችሁ አድ/ኤዲት ቢብሊዮግራፊ በሉ። ከዚህ በኋላ ዝርዝሩ እያደገ ይሄዳል።

ቀድሞ በእጅ የጻፋችኋቸው ዋቢዎች ካሉ፦ ዞቴሮ አይለውጣቸውም። አንድ በአንድ መተካት ነው። ሁሉንም መጀመሪያ ቢጫ አቅልሟቸው። አንዱን ስትተኩ ቢጫውን አንሱ። ቢጫ ሲያልቅ ጨርሳችኋል።

ጥቅሱ በሕይወት እንዳለ ለማወቅ፦ ላዩ ላይ ክሊክ አድርጉ። ከጀርባው ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ካልሆነ ተራ ጽሑፍ ሆኗል፤ እንደገና አስገቡት።

ጽሑፉ ከረዘመ በኋላ ከዘገየ፦ ዶክመንት ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብታችሁ ጥቅሶችን በራሱ የሚያድሰውን ምርጫ አጥፉ። ከዚያ ሲያስፈልግ ብቻ ሪፍሬሽ በሉ።

ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት፦ በወርድ ከፍቶ አስተያየት ቢጽፍበት ችግር የለም። የወርዱን ፋይል ጎግል ዶክስ ላይ ከፍቶ ሲመልስላችሁ ግን ጥቅሶቹ ሞተው ሊመጡ ይችላሉ። መቀየር ግድ ከሆነ ዶክመንት ፕሪፈረንስ ውስጥ ወደ ሌላ መጻፊያ ቀይር የሚል ትእዛዝ አለ። ቅጂ ይዛችሁ እሱን ተጠቀሙ።

## ደረጃ 7፦ ከማስረከብ በፊት

ሪፍሬሽ በሉና ዝርዝሩን በዓይናችሁ አንብቡት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ሳትቸኩሉ። እነዚህ ምልክቶች የሚናገሩት ነገር አላቸው፦

- ከዓመቱ ጎን ያልጠበቃችሁት ፊደል ከተለጠፈ፣ አንዱ ዋቢ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ደረጃ 5 ተመለሱ። ደራሲው በዚያው ዓመት በእርግጥ ሁለት ጽሑፍ ካለው ግን ትክክል ነው።
- ጽሑፉ ውስጥ ከአንድ ደራሲ ስም ፊት ብቻ የራስ ስሙ ምህጻር ከታየ፣ ያ ሰው ላይብረሪው ውስጥ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቧል። አንድ አድርጉት።
- ዓመት የሌለው ዋቢ ካለ ሳጥኑ ባዶ ነው።

አሁን ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ። አንሊንክ ሳይቴሽንስ የሚለውን ትእዛዝ የምትጠቀሙት በዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ጥቅሶቹን ሁሉ ተራ ጽሑፍ ያደርጋቸዋል፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ መመለሻ የለውም። መጽሔቱ ወይም ተቋሙ ካልጠየቃችሁ አታድርጉት። ዋናው ፋይል እንደነበረ ይቆይ፤ እርማት ይመጣል።

## ባክአፕ

ሲንክ ባክአፕ አይደለም። አንድ ኮሌክሽን በስህተት ከነዋቢዎቹ ብታጠፉ ስህተቱም ሲንክ ይሆናል።

በየሳምንቱ ዞቴሮን ዝጉ። የዞቴሮን ዳታ ፎልደር ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ፎልደሩ የት እንዳለ ካላወቃችሁ ሴቲንግስ ውስጥ አድቫንስድ የሚለው ላይ የሚከፍት ቁልፍ አለ። ፎልደሩ ላይ ቀኑን ጻፉበት።

ከባክአፕ መመለስ ካስፈለገ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ዞቴሮን ዘግታችሁ የተበላሸውን ፎልደር ስሙን ቀይሩና ባክአፑን በቦታው አስገቡ። ዞቴሮን ክፈቱ፤ ሴቲንግስ ውስጥ በራሱ ሲንክ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉ። ዋቢዎቹ ሙሉ መሆናቸውን አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ኢንተርኔቱን መልሱ።